ጸጉር ቤቱን የከበበው ኖራ

«በዚህ ከተማ ውስጥ እኔ የማላውቀው መንገድ የለም!» አለች ጥሩምባ። አለች ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ለስብሰባ በተቀመጠበት አዳራሽ መሃል ወንበር ላይ ወጥታ ነው ያለችው። «ዓይኔን በጨርቅ እሰሩና ከፈለጋችሁት ጥግ ጣሉኝ። በብስክሌቴ ቤቴ ካልገባሁ ስሜን ቀይሩት!»

ስሟማ ድሮ ተቀይሯል። የብስክሌቷ ደወል ከተሰበረ ወዲህ መንገደኛውን ሁሉ በጉሮሮዋ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለች ስለምትነዳ ሰፈሩ ጥሩምባ ብሏታል። እናቷ እንኳ በወጣላት ስም የምትጠራት ልትቆነጥጣት ስትፈልግ ብቻ ነው።

ስብሰባው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ስብሰባ ነበር። ከተማዋ ትንሽ እንዳትባል የትራፊክ መብራት አላት፤ ትልቅ እንዳትባል ደግሞ መብራቱ አይሠራም። በዋናው ጎዳና ላይ መኪናው እንደ ልቡ ይከንፋል፤ ብስክሌተኛው እግረኛውን ቦይ ውስጥ ይከተዋል፤ እግረኛው ቦዩ ውስጥ ሆኖ ሁለቱንም ይራገማል። ማዘጋጃ ቤቱ እርግማኑ ሲበዛበት ጉዳዩን ለጥሩምባ አክስት ሰጣት። አክስቷ የመንገድ ፕላን ባለሙያ ናት፤ እርሳስ ከጆሮዋ ላይ የማይጠፋ፣ ቀልድ ደግሞ ከፊቷ ላይ የማይገኝ ሴት።

የአክስቷ አሠራር የራሷ ነው። «ሰው የት የት እንደሚሄድ ቢሮ ተቀምጬ አልገምትም፤ ራሱ ያሳየኝ» ትላለች። ከየሰፈሩ አንድ ብስክሌተኛ ይመረጣል። ከኋላው ታቹ የተበሳ የኖራ ከረጢት ይታሰርለታል። እሱ የሰፈሩ ሰው ዘወትር የሚመላለስበትን መንገድ እየተከተለ ሲነዳ ኖራው እየፈሰሰ አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል። ከዚያ ቀያሾች መጥተው መስመሩን ለክተው ካርታ ላይ ያሰፍሩታል። ኖራው ያለፈበት መንገድ ይሠራለታል፤ ዋናውን ጎዳና ባቋረጠበት ቦታ ዜብራ ይቀባል። ያላለፈበት ቦታ እንደ ድሮው ይቀራል።

«ለዘመድ የለም፣ ለጎረቤት የለም!» ብላ ነበር አክስቷ በስብሰባው ላይ። «ኖራ አድልዎ አያውቅም።»

ይህን ያለችው ወዳ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ለአባቷ መንገድ ስታስጠርግ ለመያዝ ነበር።

አባቷ፣ ማለትም የጥሩምባ አያት፣ አባባ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ተራራ የለ በረሃ የለ ስንቱን አቋርጠው፣ አሁን ግን ከቤታቸው ፊት ያለውን አንድ ጎዳና ማቋረጥ አቅቷቸዋል። አንደኛው ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። መኪኖቹ ደግሞ ለሽማግሌ አይቆሙም። «እኔም ብሆን አልቆምም ነበር» ይላሉ፣ እውነቱን ለመናገር። ያለው ዜብራ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነው፤ እዚያ ድረስ በዚያ ጉልበት የሚታሰብ አይደለም።

ከጎዳናው ማዶ፣ ከበራቸው ትክክል ፊት ለፊት፣ የወዳጃቸው ጸጉር ቤት አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ዳማ ሲጫወቱ ነበር የሚውሉት። ጉልበቱ ከከዳ ወዲህ ጨዋታው በስልክ ሆነ። ሰሌዳውም ቆርኪዎቹም ጸጉር ቤት ናቸው፤ አባባ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው በስልክ ያዛሉ፤ ጸጉር አስተካካዩ ያንቀሳቅሳሉ። እና አባባ ይሸነፋሉ። በቃ ሁልጊዜ ይሸነፋሉ።

«ይሰርቀኛል ይሄ ሌባ!» ይላሉ አባባ ስልኩን እየደበደቡ። «ቆርኪዬ ትናንት ጥግ ላይ ነበር፤ ዛሬ የት ሄደ? እግር አወጣ?»

«ተሻገርና እየዋ!» ይሏቸዋል ጸጉር አስተካካዩ ከማዶ። እንደማይሻገሩ ያውቃሉ እኮ፤ ይህቺ ቃል ናት አባባን የምታንጨረጭራቸው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አባባ ቶሎ አይገቡም። መኪናውን አሻግረው የጸጉር ቤቱን መስታወት ሲያዩ ይቆያሉ።

ጥሩምባ ይህን አይታ ነው ቃል የገባችው። «አባባ፣ አይዞዎት። ኖራውን እስከ በርዎ አመጣዋለሁ። ዜብራውን ደጅዎ ላይ ነው የማስቀባልዎት።»

«አታሳፍሪኝ ብቻ» አሉ አባባ። ግን በዚያው ቀን ከረባታቸውን ከሳጥን አውጥተው እንዲተኮስ ሰጡ።

እንግዲህ አንድ ነገር መነገር አለበት። ጥሩምባ ወደ ግራ መታጠፍ አትችልም።

ብስክሌት የለመደችው እንጨት መሸጫው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ጠባብ፣ የጣውላው ክምር መሃል ላይ፣ ክምሩን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እያደረገች መዞር፤ ትምህርቷ ይኸው ነበር። ወደ ቀኝ እንደ ንፋስ ትታጠፋለች። ወደ ግራ መሪውን ነካ ስታደርገው ግን ብስክሌቱ ይቆማል፣ እሷ ትወድቃለች። ስለዚህ ግራ መሄድ ስትፈልግ ወደ ፊት ታልፍና ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ዞራ ትመጣለች። ከተማውን እንደ እጇ መዳፍ ያወቀችው ለምን ይመስላችኋል? ዳቦ ልትገዛ ወጥታ መቃብር ስፍራውን ዞራ የምትመለስ ልጅ ምን የማታውቀው መንገድ አለ! ፍሬንማ የላትም። ፍሬኗ ጫማዋ ነው፤ ሶሉ እንደ ወረቀት ሳስቷል።

የኖራው ቀን ሰፈሩ ወጥቶ በዳርና ዳር ቆመ። ጥሩምባ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ተነሳች። ገበያውን አለፈች፣ ወፍጮ ቤቱን አለፈች፣ ኖራው ከኋላዋ እንደ ክር ይፈታል። «ዞር በሉ! ታሪክ እየተሠራ ነው!» ትላለች። ከዚያ ዋናው ጎዳና ላይ ወጣች። በስተቀኝ ጸጉር ቤቱ፤ በስተግራ፣ ከጎዳናው ማዶ፣ አባባ ከረባት አስረው፣ በትራቸውን እንደ ባንዲራ አንስተው ቆመዋል። መታጠፍ ያለባት እዚህ ነው።

አልታጠፈችም። በሌላ ቀን ቢሆን ወርዳ ብስክሌቱን እየገፋች ትሻገር ነበር። ዛሬ ግን ሰፈሩ በሙሉ እያየ ማን ይወርዳል? ለአባባ እጇን አወዛውዛ በጸጉር ቤቱ ፊት አለፈች፤ የሚቀጥለው ቅያስ ላይ ወደ ቀኝ፣ ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ወደ ቀኝ፣ በጎኑ ባለው ቅያስ ወደ ቀኝ። አሁን የአባባ በር ከፊቷ፣ ከጎዳናው ማዶ ነው፤ ቀጥ ብሎ መሻገር ብቻ ነው የቀረው። ግን ጎዳናው ላይ የጭነት መኪና ተከታትሎ መጣ። ቆማ እንዳትጠብቅ ፍሬን የለም። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች፤ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ እንደያዙ ወጡ። «ምነው ልጄ፣ የረሳሽው ነገር አለ?»

«የለም! እየተጠነቀቅኩ ነው!» ብላ አለፈቻቸው።

በሁለተኛው ዙር አውቶቡስ መጣ። «ደግሞ መጣሽ?» አሉ ጸጉር አስተካካዩ። በሦስተኛው ዙር ግማሽ ጺሙ የተላጨ ደንበኛቸውም አብሮ ወጥቶ ነበር። ከማዶ አባባ በትራቸውን ቀስ እያሉ ሲያወርዱ አየች። ዞር ብላ ስትመለከት ደግሞ ከረጢቱ ባዶውን ይንጠለጠላል። ኖራው አልቋል። ጥሩምባ የጸጉር ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ሌላ መቆሚያ ዘዴ የላትም።

አክስቷ መጣች። ጸጉር ቤቱን ሦስት ጊዜ የከበበውን ነጭ መስመር አየች፤ ከዚያ ጥሩምባን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሰፈሩ ሰው በዚህ ነው የሚሄደው።»

«ጸጉር ቤቱን እየዞረ?»

«ጸጉሩ ሲረዝምበት» አለች ጥሩምባ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

አክስቷ እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ መልሳ ሰካችው። «እኔ እጄን አላስገባም» አለች ዝቅ ብላ። «አንዲት መስመር ብነካ ለአባቷ ሠራች ነው የሚሉኝ። ሌላ የምትነግሪኝ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ።»

«ምንም የለም» አለች ጥሩምባ። አባባ ዘንድ ሄዳም ልትፎክር ሞከረች። «አባባ፣ አዩኝ? ሦስት ጊዜ በፊትዎ አለፍኩ እኮ!»

«ማለፍሽንማ አየሁ» አሉ አባባ ከረባታቸውን እየፈቱ። «የምትደርሺው መቼ ነው?»

ካርታው ተሠርቶ ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ። የሌላው ሰፈር መስመር እንደ ሰው ቀጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የእነጥሩምባ ሰፈር መስመር ግን ቀጥ ብሎ መጥቶ መጨረሻው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለላል። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ አድርገውም አዩት።

«ይሄ መስመር ለምንድን ነው እንዲህ የወፈረው?»

«ኖራው ሦስት ጊዜ ነው ያለፈበት» አለ ቀያሹ።

«ሦስት ጊዜ! እንግዲያው በጣም የሚበዛበት መንገድ ነው ማለት ነው። ሰፊ ይሁን! ዛፍም ይተከልበት!» ኃላፊው ወደ ጥሩምባ ዞሩ። «ግን ወደ ግራ አንድም ቦታ አልታጠፍሽም። ምክንያት ይኖረዋል መቼም?»

እዚህ ላይ ዝም ያለ ሰው ይከበራል። ጥሩምባ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም። ብድግ አለች፤ ደረቷን ነፋች። «አለው እንጂ! ወደ ግራ መታጠፍ ማለት ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አፍ ውስጥ መግባት ማለት ነው። የሠለጠነ ከተማ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የሚዞረው። ቢዘገይም ይደርሳል፤ የሞተ ግን አይደርስም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኃላፊው ራሳቸው ቆመው አጨበጨቡ። «ይቺን ልጅ ማን አስተማራት?» አሉ። የጣውላ ክምር ነው ያስተማራት፤ ግን ማን ይናገራል። ወፍጮ ቤት የምትሠራ አንዲት እናት እጇን አውጥታ «ኧረ እኛ በጸጉር ቤቱ ፊት ነው የምንሻገረው» ብትል «ኖራው እንደዚያ አላለም» ተብላ ተቀመጠች። ጸጉር አስተካካዩ ብቻ ናቸው ከንፈራቸውን የሚነክሱት። «ሰው ሱቄን እየዞረኝ ሊውል ነው?» ይላሉ። «እኔ ምንድን ነኝ፣ አደባባይ?»

ከዚያ ስልካቸውን ከፍ አደረጉ። አባባ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ መምጣት ስላልቻሉ ስብሰባውን የሚያዳምጡት በጸጉር አስተካካዩ ስልክ ነበር። የአባባ ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ሾልኮ ገባ።

«ጌታው፣ እኔ ከበሬ ወጥቼ ጸጉር ቤት ለመድረስ በየት ልሂድ?»

ኃላፊው ካርታው ላይ በጣታቸው ፈለጉ። «የእርስዎ በር… መስመር ውስጥ የለም አባቴ። አውቶቡስ ተራ ጋ ያለውን ዜብራ ይጠቀሙ።»

አክስቷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«እሺ» አሉ አባባ። «ልጅቷ ካለች እሺ። እሷ ይህን ከተማ ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች፤ ሳታስብ አትናገርም።» ከዚያ ለወዳጃቸው ነው ያሉት። «ስማ እንግዲህ፤ ሰሌዳውን አንሳው። ደንበኛ የሚቀመጥበት ቦታ ይዘህ አትቀመጥ። ጨዋታው በቃ።»

ጸጉር አስተካካዩ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ኧረ አንተ ሰውዬ… አልሰርቅህም እኮ» አሉ። «እሺ፣ አንዳንዴ ነው።»

ጥሩምባ ቃሉን ለራሷ ደገመችው። ሳታስብ አትናገርም! እሷ! ዕድሜ ልኳን አስባ የተናገረችው ነገር ቢፈለግ አይገኝም። እግሯ ራሱ አነሳት፤ እንደ ልማዷም ወንበሩ ላይ ወጣች።

«ግራ መታጠፍ አልችልም!» ብላ ጮኸች።

አዳራሹ በሙሉ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«አልችልም! እወድቃለሁ! ሠለጠነ ምናምን ያልኩት ውሸቴን ነው። ሰዉ ሁሉ በጸጉር ቤቱ ፊት ነው የሚሻገረው፤ እኔም በእግሬ ስሆን እዚያው ነው የምሻገረው። የዞርኩት ስለማልችል ነው። ፍሬንም የለኝም!»

ሳቁ የጀመረው ከኋላ ነው፤ ከዚያ እንደ ጎርፍ ወደ ፊት መጣ። ጥሩምባ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ኃላፊው አጨብጭበው ስለነበር እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ደበቁ። አክስቷ ብቻ አልሳቀችም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ኖራው ይደገማል» አለች። «እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ብስክሌት፣ ያችው ልጅ። ግን ነገ ከመነሳቷ በፊት ወደ ግራ ስትታጠፍ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ትምህርቱ እዚያው ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተጀመረ። ተሰብሳቢው ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እንዲህ ያለ ነገር በነፃ የት ይገኛል! ጸጉር አስተካካዩ ነጭ ጋዋናቸውን እያውለበለቡ የብስክሌቱን መቀመጫ ከኋላ ይዘው ይሮጣሉ። ስልኩ መሪው ላይ ታስሯል፤ ከስልኩ ውስጥ አባባ ያዛሉ።

«ማርሽ ቀንሺ!»

«አባባ፣ ማርሽ የለውም!»

«ስፖኪዮ እዪ!»

«ስፖኪዮም የለውም!»

«ታዲያ ምን አለው?»

«እኔ አለሁት!»

«አይ መከራው! በይ እንግዲያው ፍሬቻ አሳዪ።»

ጥሩምባ ግራ እጇን ዘረጋች፤ ዘርግታም ወደቀች። «አባባ፣ ፍሬቻው ጣለኝ!»

«ተነሺ። አሁን ስሚኝ። ጎማውን ነው አይደል የምታዪው?»

«ታዲያ የት ልይ?»

«ጎማውን ያየ ጎማው ሥር ነው የሚወድቀው። መግባት የምትፈልጊበትን ደጅ እዪ። ዓይንሽን ከዚያ አትንቀዪ፤ እጅሽ ራሱ ይከተላል።»

በግራ በኩል የነበረው ደጅ የዘበኛው ቤት ነው። ጥሩምባ ዓይኗን የዘበኛው በር ላይ ተከለች። ብስክሌቱ ተንገዳገደ፣ ጸጉር አስተካካዩ ለቀቁት፣ ወደ ግራ ዞረ… ዞረ! እልልታው ቀለጠ። ጥሩምባም እያየችው የነበረው በር ውስጥ ገባች፤ ዘበኛው በሌላው በኩል በመስኮት ወጡ።

«ታጠፈች!» ብለው ጮኹ ጸጉር አስተካካዩ ወደ ስልኩ።

«ምንድን ነው የሰማሁት ድምፅ?»

«ምንም አይደለም። ዘበኛው ናቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ከረጢቱ እንደገና ተሞላ። አክስቷ ጸጉር ቤቱ ፊት ቀይ ጨርቅ ይዛ ቆማ መኪናውን በሙሉ አስቆመች። ኃላፊው ሳይቀሩ መጥተዋል። ከማዶ አባባ የብረት በራቸውን ከውስጥ ይዘው፣ ከረባታቸውን አስረው ይጠብቃሉ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ስትደርስ ከፍተው ሊወጡና፣ ገና ባልተቀባው ዜብራቸው ላይ ሄደው የዳማውን ሰሌዳ በዓይናቸው ሊያዩ ነው።

ጥሩምባ መጣች። ገበያው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ዋናው ጎዳና። ጸጉር ቤቱ ጋ ስትደርስ ዓይኗን አባባ በር ላይ ተከለች። እጇ ራሱ ተከተለ። ብስክሌቱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ነጩ መስመር ከኋላዋ ጎዳናውን እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ አቋረጠው። ሹፌሮች ሳይቀሩ ጥሩምባቸውን ነፉላት። አክስቷ ዓይኗ ውስጥ ኖራ የገባ ይመስል በጨርቁ ጠረገችው።

ብቻ አባባ ስለ መታጠፍ እንጂ ስለ መቆም ያስተማሯት ነገር አልነበረም። ዓይኗን ከበሩ እንዳትነቅል ተነግሯታል፤ አልነቀለችም። ጫማዋን መሬት ላይ ጎተተች፤ የሳሳው ሶል ተገንጥሎ ቀረ። «ዞር በ…!» ከማለቷ ሰፈሩን ያናጋ ድምፅ ተሰማ። የፊት ጎማው በበሩ ብረቶች መሃል ገብቶ ተሰነቀረ፤ ከረጢቱ ፈነዳ፤ የኖራው ደመና እስኪበተን ማንም ማንንም አላየም።

ደመናው ሲገልጥ ጥሩምባ ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ ነጭ ሆና በሩ ሥር ተዘርግታለች። ግን አፏ ደህና ነበር።

«አዩ አባባ?» አለች ከወደቀችበት እጇን ወደ ሰማይ እየዘረጋች። «አላልኩዎትም? ኖራውን ደጅዎ ድረስ አመጣሁት! ከእንግዲህ ይህ መንገድ በስሜ ነው የሚጠራው! በዚህ ከተማ ውስጥ እኔ የማላውቀው…»

አባባ በሩን ገፉት። ንቅንቅ አላለም። በበሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል አዩዋት።

«መንገዱን ስታውቂ በሩን ዘጋሽብኝ! በይ ተነሺና ብረትሽን አንሺ፤ ያ ሌባ እስክወጣ ድረስ ቆርኪዬን ይጨርሰዋል።»